ለአጣቢዋ የሚቀርብ ጥያቄ

አዋላጇ ምህረት ነገሩን መዳፏ ላይ ስታስቀምጥላት ፈርሂያ እጇን ወደ ታች ለቀቅ አደረገች፤ ይከብዳል ብላ ነበር። ክብደት የሚባል አልነበረውም። ነጭ ላስቲክ ነው። ከአናቱ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት፤ ወደ ታች በወረደው ግንዱ ላይ ቀይ የመዳብ ሽቦ ጥቅጥቅ ብሎ ተጠምጥሟል፤ ከጫፉ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ሁለት ክሮች ተንጠልጥለዋል።

«ይሄው ነው?» አለች።

«ይሄው ነው። ሉፕ የሚሉት ይሄ ነው።»

«ሌላ የለውም? ይቺው ብቻ?»

ምህረት ሳቀች። «ይቺው ብቻ። ይህ ለማሳያ የተቀመጠ ነው፤ ላንቺ የሚገባው እንደታሸገ መጥቶ ፊትሽ ነው የሚከፈተው።»

ፈርሂያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ቀንበርና ሞፈር መሰላት፤ ጠፍሩ ሳይቀር የታሰረለት፣ ሁለት አንበጣ ጠምዶ ለሚያርስ ገበሬ የተበጀ ቀንበርና ሞፈር።

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«አስር ዓመት ይሰራል። ስትፈልጊ ግን ነገም መጥተሽ ይወጣልሻል፣ በዓመትም ይወጣልሻል።»

አስር ዓመት! ትንሿ ልጇ ኢልሀም ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረችው ገና በዚህ ሰሞን ነው። በአስር ዓመት ቁርዓን ታከትማለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ከእናቷ ጋር ትከራከራለች። ያን ሁሉ ዘመን ይቺ መዳፏ ላይ ያለች ነገር ማንም ሳያያት፣ ሳትበላ ሳትጠጣ፣ ጨለማ ውስጥ ቆማ ትጠብቃለች። ፈርሂያ ጣቶቿን ማጠፍ ፈራች።

ወደዚህ የጤና ጣቢያ ክፍል ያመጣት ሞትን በቅርብ ማየቷ ነው። ኢልሀምን በወለደች ጠዋት ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። የቅሬው ወንዶች፣ ሰው ሲሞት የሚቀብሩት ሰው ሲታመምም የሚሸከሙት እነሱው ናቸው፣ በቃሬዛ አድርገው ከመንደሯ እስከ መኪና መንገድ ድረስ እየተቀባበሉ አወረዷት። ከዚያ መንገድ የምታስታውሰው ሰማዩንና የሚለዋወጡትን ትከሻዎች ብቻ ነው። መካነ ሰላም ሆስፒታል ደርሳ የማታውቃቸው ሰዎች ደም በክንዷ ገባላት፤ ተረፈች። ሐኪሙ ሲያሰናብታት፣ «ሌላ እርግዝና ከመጣ ደሙ ሊደገም ይችላል። ያንን መንገድ ሁለተኛ ልትተርፊው አትችይ ይሆናል» አላት።

የሦስት ወር መርፌ ጀመረች። እርግዝናው አልመጣም፤ የወር አበባዋ ግን ወቅቱን ሳተ። ታጥባ መስገጃዋን ስታነጥፍ ይመጣል፤ አልሰግድም ብላ ስትቀመጥ ይቆማል። ረመዳንን ግማሹን በላችው። በክንድ ስለሚቀበረውም ጠይቃ፣ እሱም ደም ሊያዛባ እንደሚችል ስለተነገራት ተወችው። መርፌውንም አቆመች፤ ባሏ ሃሩን ሳዑዲ ስለሆነ የሚያሰጋት አልነበረም። አሁን ግን ሃሩን ለፈቃድ ሊመጣ ነው፤ ዒድን ከልጆቹ ጋር ሊያሳልፍ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል። እሷም ደስ ብሏታል። ሌት ተቀን የሚታያት ግን ያ ቃሬዛ ነው።

ምህረት የታችኛውን የዐይኗን ቆዳ ገለጥ አድርጋ አየች፤ ከጣቷ ጠብታ ደም ወስዳም አስመረመረች። «ደምሽ ተመልሷል፤ ጥሩ ነው» አለች። «አልደብቅሽም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የወር አበባሽ ሊበዛና ሆድሽን ሊቆርጥሽ ይችላል። ግን በጊዜው ነው የሚመጣው፤ እንደ መርፌው አያምታታሽም። ከበዛብሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ከባድ ሕመም ከመጣ ነገ ዛሬ ሳትይ መጥተሽ ታሳይኛለሽ።»

«ወደ ልብ ይወጣል ይላሉ።»

«ይላሉ። እስካሁን ልቡ ውስጥ የተገኘበት ሰው አላየሁም። ማህፀን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። አልፎ አልፎ ራሱ ወልቆ ሊወጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ክር ያለው፣ መኖሩን እንድታውቂው።»

«የተረገዘ ነው የሚያስወርደው?»

«አይደለም። መዳቡ የወንዱን ዘር ያደክመዋል። እርግዝናው ሳይጀመር ነው የሚከላከለው።»

ፈርሂያ የቀራት አንድ ጥያቄ ነበር። ምላሷ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። የምህረትን አንገት አየች፤ ጥቁር ማተብ አለበት። ይህንን እሷ ልታውቀው አትችልም አለች በልቧ።

«አስቤበት ልምጣ?»

«አስቢበት። ገላው ያንቺ ነው።»

ውጭ አግዳሚው ላይ የሻለም ትጠብቃታለች። የሻለም ጎረቤቷ ናት፤ ባለፈው ዓመት ራሷ ሉፕ አስገብታ፣ ፈርሂያንም ጎትታ ያመጣቻት እሷ ናት። ገና በሩ ሲከፈት ተነሳች።

«ገባ?»

«አልገባም። አየሁት ግን።»

«እኔ መጀመሪያ ሳየው መስቀል መስሎኝ ልሳለመው ነበር!»

«ውሸትሽን ነው።»

«ወላሂ! ምህረት ናት ‹ኧረ ስንት ሰው የነካው ነው› ብላ ከአፌ የቀማችኝ።»

«እኔ ቀንበር መሰለኝ።»

«ያው ነው» አለች የሻለም። «ሁለቱም ተሸካሚ ይፈልጋሉ።»

የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱ በገብስ ጆንያና በበግ ተዘግቷል። ባጃጆቹ ጥሩምባ እየነፉ በሰው መሀል ይሹለከለካሉ። ከበጎቹ ጎን ጎን ሲሄዱ ፈርሂያ ጥያቄዋን አወጣችው።

«ስሞትስ?»

«ምን?»

«ስሞት። ገላዬን ሲያጥቡኝ ብረቱ ውስጤ ነው። መውጣት አለበት? ማን ነው የሚያወጣው? ካልወጣስ ትጥበቱ ይሆናል? ከነብረቴ ጌታዬ ፊት ልቀርብ ነው?»

የሻለም ቆመች። አንድ ሙክት ከኋላ መጥቶ ጉልበቷን ገፋት፤ አላየችውም። «እኔ ይሄ አንድ ቀንም አልመጣብኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ክርኗን ያዘቻት። «አንቺ ሴትዮ፣ የሀገሩን አጣቢ ቤትሽ አስቀምጠሽ እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«እሳቸውን እንዴት ብዬ? እሱን ጠየቅኋቸው ማለት እኮ ሁሉንም ነገርኳቸው ማለት ነው።»

«እሱማ ነው» አለች የሻለም።

አጣቢዋ የሃሩን እናት ወይዘሮ ሐረግ ናቸው። በቅሬው ሴት ስትሞት ውሃ የሚያሞቁት፣ ገላ የሚያጥቡት፣ ከፈን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ ከሳቸው በፊት ማን ያጥብ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የለም። ትንንሽ እጆች አሏቸው። ፈርሂያ በእነዚያ እጆች የልጆቿ ፀጉር ሲሠራ ስታይ አንዳንዴ ሥራዋን ትታ እጆቹን ታያለች። የስንቱን ዐይን ከድነዋል፣ ደግሞ የኢልሀምን ንፍጥ ይጠርጋሉ። እኚሁ ወይዘሮ ሐረግ ልጅ ሲሳይ ነው ብለው የሚያምኑ ናቸው። ለኢልሀም ስም ሲወጣ ሕፃኗን ታቅፈው፣ «ወንድሟ ይከተላታል፣ ኢንሻአላህ» ብለው ነበር። ፈርሂያ ያኔ ከአልጋ መነሳት እንኳ አትችልም። አሜን አላለችም፤ አለማለቷን ግን እሳቸው ያዩ መሰላት።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁለቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚመታበት በኩል ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው። ወይዘሮ ሐረግ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠጠሩን ወደ ሳሩ ይወረውራሉ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ። ጥያቄ ዘካ የለበትም።»

«ሰው… ገላው ውስጥ ብረት ኖሮበት ቢሞት፣ ሲታጠብ ይወጣል ወይስ አብሮት ይቀበራል?»

«የምን ብረት? ጥይት?»

«ጥይት አይደለም።»

«የወርቅ ጥርስ?»

«አይደለም እማ፤ ውስጥ ነው።»

ወይዘሮ ሐረግ ሰፌዱን ነቀነቁት። «አሚራን አጥቤያለሁ» አሉ። «አረብ አገር ከፎቅ ወድቃ የመጣችውን። ክንዷ ላይ ብረት ተደርጎላት ነበር፤ ውሃ ሳፈስባት ከቆዳዋ ሥር ለጣቴ ይሰማኛል። እኔም እንዳንቺ ጨነቀኝ። ሼኩን አስጠየቅሁ። ‹አትንኪያት› አሉኝ። ‹የሞተን ገላ ማቁሰል የሕያውን እንደ ማቁሰል ነው። ውሃ የሚደርስበትን እጠቢ፤ የማይደርስበትን ለሠሪው ተዪለት።› ከነብረቷ ቀበርናት። ጥርት ያለች ገላ ነበረች፣ አላህ ይዘንላት።»

ፈርሂያ የፈራችው ትልቅ ነገር እንዲህ በጥቂት ቃል ይፈታል ብላ አላሰበችም። ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ወይዘሮ ሐረግ ግን አልቀጠሉም።

«ብረቱን የሚያስገባው ማነው?»

«እኔ ነኝ እማ።» ድምጿ ቀጠነ። «የወሊድ መከላከያ ነው። ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። ሐኪሙ ሌላ እርግዝና… ደሙ ይደገማል አለኝ።»

«ሃሩን ያውቃል?»

«በስልክ ነገርኩት። ‹እኔ እሺ ብያለሁ፤ እማን ግን አንቺው ንገሪያት› አለኝ።»

«ጀግና!» አሉ ወይዘሮ ሐረግ። «ባሕር ተሻግሮ በዚያ ሐሩር ብረት ይበይዳል፣ እናቱን ይፈራል።» ሳይስቁ ነው ያሉት። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ወደ ቤት ገቡ።

ፈርሂያ አለቀ አለች። ሲመለሱ የሚሉትን በልቧ ትሰማ ጀመር፤ ሲሳይሽን ትገፊያለሽ፣ ባልሽ በሌለበት ይህን ስታስቢ፣ ጎረቤት ምን ይላል። የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማች። ወይዘሮ ሐረግ አንድ ጥቅል ይዘው ወጡ፤ ተቀመጡ፤ ፈቱት። የታጠፈ ነጭ ጨርቅ፣ ጥጥ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ለሬሳ ሽቱ የሚሆን ካፉር ነበር። ሽታው አፍንጫዋን ቆረጠው፤ ለቅሶ ቤት የሚሸት ሽታ ነው።

«ይሄ ያንቺ ነው» አሉ።

ፈርሂያ አልገባትም።

«ያን ጠዋት ወንዶቹ ተሸክመውሽ ሲወርዱ እኔ ምንጣፉን ለማጠብ ተመለስኩ። ያን ደም አየሁት። ያን ደም አውቀዋለሁ፣ ልጄ። የበላይን ሚስት ሳጥብ አይቼዋለሁ፤ የእህቴን ልጅ ሳጥብ አይቼዋለሁ። እንዲያ ያለ ደም ጥላ የሄደች በእግሯ ስትመለስ አላየሁም። ገበያ ልኬ ካፉሩን አስመጣሁ፣ ጨርቁን ቆረጥኩ። አንቺ መንገድ ላይ እየተነፈስሽ እኔ እዚህ ከፈንሽን እቆርጣለሁ።» ቆም አሉ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ደወሉ፤ ‹አለች› አሉኝ። መሬት ላይ ተደፋሁ። ለአላህ አልኩት፤ ‹ያንተን ፍርድ ቀድሜ ቆረጥኩ፤ ማረኝ።›»

ፈርሂያ እጇን ዘርግታ ጨርቁን ነካችው። አዲስ ነው፤ እጥፋቱ አሁንም ሹል ነው። ልጇን ስታጠባ፣ ሰርግ ስትሄድ፣ ከየሻለም ጋር ስትሳሳቅ ይህ ጨርቅ በዚያው ቤት፣ ከምትተኛበት ግድግዳ ማዶ፣ ተጣጥፎ ነበር። የተሰማት ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ባዶ መቃብሯን አሳይቶ እጇን ይዞ እንደመለሳት ያለ ነገር ነው፤ ስም አላገኘችለትም።

«በልኬ ነው?»

«በልክሽ ነው። ቁመትሽን አውቀው የለ?»

ከበረቱ በኩል ጥጃው ጮኸ።

«በወሊድ የሞተች ሸሂድ ናት ይላሉ» አሉ ወይዘሮ ሐረግ። «እውነት ነው። እኔም ሳጥብ ለናቷ እሱኑ እላለሁ። ልጆቿ ግን ሸሂድ ምን እንደሆነ አያውቁም። ጡት ነው የሚያውቁት። እኔ እጄን ስታጠብ እነሱ ከደጅ ሆነው ይጠሯታል።» ጥቅሉን መልሰው ማሰር ጀመሩ። «ወንድሟ ይከተላታል ማለቴን ታስቢያለሽ። አንድ ሰው ሲወለድ እንዲያ ይባላል፤ አባባል ነው። እኔ በልቤ የምለው ሌላ ነበር።»

«ምን ነበር የሚሉት?»

«ፈርሂያን አልጠባት። እሷ ትጠበኝ።»

«ታዲያ ይሄን ምን ያደርጉታል?» አለች ፈርሂያ ወደ ጥቅሉ እያሳየች።

«እኔ እገባበታለሁ።»

«እርስዎ ከኔ ያጥራሉ እማ። ይተርፍዎታል።»

«ይትረፈኛ! እዚያ ማን ይለካኛል?» አሉና አሁን ሳቁ። «ነገ እንሄዳለን። ብቻሽን አትሄጂም፤ ያንን ብረት እኔም ልየው።»

በነጋታው በእግር መኪና መንገድ ወርደው ባጃጅ ያዙ። ወይዘሮ ሐረግ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ በመንገዱ ሁሉ የባጃጁን ብረት በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ለሹፌሩ «ቀስ በል፤ የተረፈች ሴት ጭነሃል» ይሉ ነበር። ሹፌሩ ከምን እንደተረፈች አልጠየቀም፤ ቀስ አለ።

ምህረት ፈርሂያን ከመጋረጃው ጀርባ አስገብታ ስታዘጋጃት ወይዘሮ ሐረግ ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ጠረጴዛው ላይ ከላስቲክ የተሠራ ቀላ ያለ ነገር ቆሟል። አፉ ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ ሰፋ ይላል፤ ከሁለት ጎኑ ቀንድ የመሰሉ ቀጫጭን ነገሮች ወጥተውለታል።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?» አሉ።

«ማህፀን ነው እማማ» አለች ምህረት ጓንቷን እያጠለቀች። «ለትምህርት የተሠራ ነው።»

«የምን? የበግ?»

«የሰው። ሳይረገዝ ልክ ያን ያህል ነው።»

ወይዘሮ ሐረግ ጎንበስ ብለው አዩት። «ያልበሰለ ኮክ እንኳ አያክል!» አሉ። «ላንሳው?»

«ያንሱት፤ ይገለጣልም፤ ውስጡን ያዩታል።»

ፈርሂያ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን እያየች ትሰማለች። ምህረት የታሸገውን ከፈተችላት፤ አሳየቻት፤ «ትንፋሽ ሳቢ፤ አሁን ልቀቂው» አለቻት። ቀዝቃዛ ነገር ነካት። ከዚያ ከእምብርቷ ሥር፣ እስከ ዛሬ እጅም ሐሳብም ደርሶበት ከማያውቅ ቦታ፣ አንድ ሹል ቁርጠት ተነሳ። ጥርሷን ነከሰች። ያ ቦታ የኢልሀም ቤት ነበር፤ የሌሎቹ ሦስቱም። እሷ እዚያ ገብታ አታውቅም። አሁን ያ ቀንበር የመሰላት ነገር ክንዱን የሚዘረጋው እዚያ ነው። ሱብሃነላህ አለች በከንፈሯ፤ ድምፅ አልወጣውም።

ከመጋረጃው ማዶ የወይዘሮ ሐረግ ድምፅ ይሰማል፤ ለማንም አይደለም የሚያወሩት። «ስንቷን አጠብኩ» ይላሉ። «ከላይ ነው ያጠብኩት። የስንቷን ገላ በእጄ ይዤ፣ ይሄ ውስጧ እንዲህ ሆኖ መቀመጡን አላውቅም። ሃሩን! ያ ደጃፉን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰውዬ፣ ከዚች?»

«ጨርሻለሁ» አለች ምህረት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ትንሽ ጋደም በይ፤ እስኪለቅሽ።»

ፈርሂያ ቁርጠቱ እየላላ ሲሄድ ተሰማት። ለመነሳት ክንዷን ደገፈች። ያኔ ማዶ ያለው ድምፅ ተለወጠ፤ ዝግ አለ። ወይዘሮ ሐረግ ስም ይጠሩ ጀመር። «ሃሩን» አሉ። ቀጥሎ ደጎሎ ከተማ ያገባችውን የሃሩንን እህት ጠሩ። ቀጥሎ «ሰይድ» አሉ፤ ቀጥሎ «ዘሀራ»፤ ቀጥሎ «ስም ያልወጣላት»።

ፈርሂያ ስለ መጨረሻዎቹ ሦስት ልጆች ሰምታ አታውቅም። በዚያ ቤት ስትኖር አንድም ቀን አልተነሱም። በመጋረጃው ቀዳዳ ስታይ አሮጊቷ የላስቲኩን ማህፀን በሁለት ትንንሽ እጆቻቸው ይዘው፣ ግንባራቸውን ወደሱ ዝቅ አድርገው ነበር። ምህረትም ሰምታለች፤ ጓንቷን ማውለቅ ጀምራ ቆማለች።

«መነሳት ትችያለሽ» አለቻት ምህረት በሹክሹክታ።

«ቆይ» አለች ፈርሂያ፣ እሷም በሹክሹክታ። «ይጨርሱ።»

ተመልሳ ጋደም አለች፤ ዐይኗን ጨፍና አዳመጠች።